የክረምት የተልዕኮ ቡድን ልመራ ነው፤ ልጆቹን ምን ላሰልጥናቸው?

የኮልፌው (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ቅዱሳን። አዲስ አበባ በአንድ አጥቢያ ወጣቶች ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። ዘንድሮ ሽማግሌዎች የክረምቱን የተልዕኮ ቡድን አንተ ምራ አሉኝ። ሃያ ገደማ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጥቂቶቹ ገና አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ። መድረሻችን ደቡብ ኦሞ ነው። ጂንካ አድረን ወደ ቀይ አፈርና ወደ ሐመር በኩል እንወርዳለን ተብሏል። ጊዜው ነሐሴ መጀመሪያ፣ ለአስር ቀን።

ለስልጠና ያለኝ ጊዜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። እስካሁን የያዝኩት የጸሎትና የጾም ጊዜ፣ የግል ምስክርነት አሰጣጥ፣ ድራማ፣ መዝሙር፣ የልጆች ፕሮግራም ነው። ልጆቹ በጣም ተነሳስተዋል። ቲሸርትም ታዟል (ቀለሙ ላይ ብቻ ስንት ቀን እንደተጨቃጨቅን ባወራችሁ ትስቃላችሁ)። እንዲህ ያለ ጉዞ የሄዳችሁ፣ ወይም ደግሞ ቡድን የተቀበላችሁ ካላችሁ፣ ምን ላስተምራቸው? ምኑንስ ልተወው?

ሰንበቴ

ወንድሜ ተባረክ! መልሱ አንድ ነው። ጸሎት፣ ጸሎት፣ ጸሎት። ሌላውን ጌታ ራሱ ያዘጋጃል።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

@ሰንበቴ አሜን፣ ግን ጄሪካኑን ማን ይቀዳል? እኔ የሄድኩበት ቡድን ውስጥ ሁሉም የሚጸልይ ነበር። ሳህን የሚያጥብ ግን ጠፋ። 😄

መሪ_የነበረች

የኮልፌው ወንድሜ፣ ከስብከቱ በፊት አብሮ መኖሩን አሰልጥናቸው። ቡድን ሲፈርስ ያየሁት በአጋንንት አይደለም፣ በስኳር ነው። «ስኳሩን ማን ጨረሰው?» ተብሎ የተጀመረ ነገር ማታ የጸሎት ሰዓት ላይ ፊት ለፊት እስከማይተያዩ ያደርሳል። ቀልድ አይደለም።

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ከጉዞው ቀደም ብዬ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። መሬት ላይ ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ትልቅ ድስት፣ ውሃ ከግቢው ቧንቧ በጄሪካን። ስልክ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ምግብ አብሳዮቹን አልመርጥም፣ ዕጣ ነው። ሴቶቹ ወጥ ቤት፣ ወንዶቹ ጊታር የሚለው ነገር እዚያው ይሞታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሆን ብዬ ፕሮግራሙን አበላሸዋለሁ። ድራማ ይለማመዳሉ ብዬ አስጠብቄ «ቀርቷል፣ ሽንት ቤቱን እናጥባለን» እላለሁ። ያኔ ማን ምን እንደሆነ ይታያል። የሚያጉረመርመውን አይደለም የምፈራው። እሱ ቢያንስ ይናገራል። ቀስ ብሎ የሚሰወረውን ነው ልብ የምለው። አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ ዘፈን የማትችል፣ ምስክርነት ላይ ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ፣ ማንም ሳይነግራት መጥረጊያ አንስታ ገባች። ጉዞው ላይ ሁሉም ሲደክመው ሄዶ የሚደገፍባት እሷ ሆነች።

ሁለተኛው የወላጅ ፈቃድ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ላልሞላው ወላጅ ፈርሞ ይስጥህ፣ ስልክ ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ ኪስህ ይግባ። ባትሪ ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅም። ሴት መሪ ከሌለህ ሴት ልጆችን ይዘህ አትውጣ። በእኔ በኩል ይሄ ድርድር የለውም። ፍቅር የጀመሩ ካሉም በቡድኑ ውስጥ ጥንድ ሆነው እንዳይመደቡ። ከሚሽን ሰርግ ይዘው የተመለሱ አውቃለሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን እዚያ ላይ ሌላው ሁሉ የእነሱን ጉዳይ ሲያማ ነው የሚከርመው።

የኮልፌው

@መሪ_የነበረች እህቴ ዘመንሽ ይባረክ። ሽንት ቤቱን ሰርቄሻለሁ። 😂 ሴት መሪም አለችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት።

የጂንካ_ሰው

ሰላም ልጄ። እኔ ከሚቀበሉት ወገን ነኝ። ሸበቶ ነኝና ቃሌ ቢከብድህ ታገሠኝ።

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድራማ አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ልጆች አሉ። «የዚያ አገር ወንጌላዊ እንዲህ ብሎናል» የሚል ግን የለም። ማን ጠራችሁ? «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላል ያገራችን ሰው። ጌታ ልኮናል ትለኛለህ። እሺ፣ ግን ጌታ እዚህም ቤተ ክርስቲያን አለው፤ ሲልካችሁ ለእኛም ይነግረን ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ልንገርህ። ኮስተር ሙሉ ልጅ ይመጣል። ሞንታርቦ ይወርዳል። ከረሜላ ይበተናል። ከረሜላ ባለበት ሕፃን አይጠፋም፣ ሕፃን ባለበት እናት አትጠፋም፣ እንዲህ እያለ ሜዳው ይሞላል። አንዱ ይሰብካል፣ «እጃችሁን አንሱ» ይላል። የኛ ሰው ለእንግዳ ክብር አለው፣ እጅ አንሳ ካልከው ያነሳል። ይቆጠራል። ማታ በቴሌግራም ቁጥሩ ለአዲስ አበባ ይላካል። እናንተ በሳምንቱ ቤታችሁ ናችሁ። እኔ ያ ቁጥር የት ገባ ተብዬ ስጠየቅ እኖራለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን መጥቶ እነዚያኑ ሰዎች እንደገና ይቆጥራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ልብስ ይዘው የሚመጡም አሉ። ሐመር ልብስ አጥቶ እንዳይመስልህ። የሴቲቱ የፍየል ቆዳ በዛጎልና በዶቃ የተሠራ ነው፣ በብዙ ድካም የተሠራ። አንተ ሸራተን የሚገባ ሰው አስቁመህ አሮጌ ጃኬት ብትሰጠው ምን ይልሃል? ፎቶም እንደዚያው ነው። እዚህ ቱሪስት ለፎቶ ከፍሎ ነው የሚያነሳው፣ ሰው ይሄን ያውቃል። ያንተ ልጆች ሳይጠይቁ አንስተው «ወንጌል ያልደረሰው ሕዝብ» ብለው ቲክቶክ ላይ ከለጠፉ፣ የኛ ወጣቶችም ስልክ አላቸው፣ ያዩታል። ደርሶብናል። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ጂንካ ይማራል፣ አያቱን ስልኩ ላይ አገኛቸው። ከዚያ በኋላ እኔ ያ ቤት ለመግባት ስንት ወር ደጅ ጠናሁ።

ደግሞ ስለ ወቅቱ። አዲስ አበባ ክረምት ሲሆን እዚህም ክረምት ይመስላችኋል። በሐመር ቆላ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ነሐሴ ደረቅ ነው፣ ወጣቱ ከከብቱ ጋር ሣርና ውሃ ፍለጋ ርቋል። መንደር ብትገቡ የምታገኙት አሮጊት፣ ሽማግሌና ሕፃን ነው። ተማሪ ስለምታሰማሩ ነው ክረምት የምትመርጡት፣ ገብቶኛል። ግን ለማን ምቹ እንደሆነ እወቁት።

አትምጡ አላልኩህም። በጣሊያን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ተገደው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ 10,000 ያህል ሆነው ጠበቋቸው። ማን ሠራው? ገበሬዎች ናቸው። ከዚያ የወላይታ ወንጌላውያን ወደዚህ ወደኛ ወረዱ። ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ አርሰው እየበሉ፣ ቋንቋ ተምረው፣ ታስረው፣ ወባ ይዟቸው፣ አንዳንዱም ልጁን እዚሁ ቀብሮ። አሪ አገር ያለው ቤተ ክርስቲያን የእነሱ ላብ አለበት። አስር ቀን ምንም አያደርግም አልልም፣ ግን ለቆየው ሰው ጉልበት ከሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ የመጀመሪያው ስልጠና ስልክ መደወል ይሁን። ቀይ አፈር ያለውን ወንጌላዊ ደውልለት። «ምን ይዘን እንምጣ» አትበለው፣ ያፍራል፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ነው የሚልህ። «ባለፈው ከመጡት ምኑ ደከመህ?» በለው። ያኔ ያወራሃል።

የኮልፌው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ቃልዎ ይከብዳል፣ ግን የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። እስካሁን የተጻጻፈው ከቢሮ ወደ ቢሮ ነው፣ ደብዳቤ ሄዷል፣ ማኅተም ተመልሷል። ከወንጌላዊው ጋር የተነጋገረ ሰው የለም። ነገ ስልኩን አፈላልጋለሁ።

ነርሷ

እኔ ስለ ጤናው ልጨምር፣ ሥራዬ ስለሆነ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ልጆቻችሁ ከወባ ጋር ተዋውቀው አያውቁም፣ ሰውነታቸው ምንም መከላከያ የለውም። ሐመር ውስጥ በቱርሚና በዲመካ በኩል ቆላ ነው። አጎበር ለእያንዳንዱ ሰው ይያዝ፣ «ሁለት ሆነን እንጋራለን» አይሠራም። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘ ከጉዞው አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ፣ በየቀኑ ተወስዶ፣ ከተመለሱ በኋላም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ቤቴ ገባሁ ብሎ ይተዋል። መድኃኒቱ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል፣ ስለዚህ ኮፍያና ረጅም እጅጌ። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ወባ ከተነከሱ ቢያንስ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ የሚታመመው ልጅ እዚያ ሳይሆን ኮልፌ ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። እናቱ ጉንፋን ነው ብላ ዝንጅብል ታፈላለታለች። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድና «ደቡብ ኦሞ ነበርኩ» ይበል። ይሄን ለወላጆችም ንገራቸው፣ በዚያው በፈቃዱ ወረቀት ላይ ጻፈው።

ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ)፣ ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል፣ የቁስል ፋሻ። ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ደግሞ አትደሩ፣ መኪናም አታቁሙ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ከተራራው የዘነበው ሌሊት ይመጣል።

እና እባካችሁ፣ መድኃኒት አታድሉ። ጤና ባለሙያ ካላችሁ ከጤና ኬላው ጋር ተነጋግሮ ይሥራ። የሰፈር አንቲባዮቲክ በጥቁር ፌስታል ይዞ የሄደ ቡድን አይቻለሁ። ወንጌል አይደለም ያ።

ሒሳብ_ያዥ

አጭር ነኝ። ብሩን መሪው አይያዝ። ሌላ ሰው ይያዝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ይፈርም። ደረሰኝ በማይገኝበት ቦታ ደብተር ላይ ቀን፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ የሻጩ ፊርማ። ለሾፌሩ የሚከፈለውን አበልና የመመለሻ ነዳጁን ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ለብቻ አሽጉት። ወረዳ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ፣ ሰላምና ጸጥታ ይጠይቃችኋል፣ መጠየቃቸውም ልክ ነው።

ተጠራጣሪው

ሁላችሁም ጥሩ ትላላችሁ፣ ግን ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። ለምን ይሄዳሉ? የኮስተር ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የሃያ ሰው ምግብ። ያ ገንዘብ አንድ የአገሩን ልጅ ወንጌላዊ ስንት ወር ያኖራል? ለአስር ቀን ፎቶ ይሄን ሁሉ? ተልዕኮ ሳይሆን ሽርሽር ነው። ሐመር ደግሞ ሁሌ የሚመረጠው ለፎቶ ስለሚያምር ነው። ጎረቤት ያለው የቀን ሠራተኛ፣ ኮንቴይነር ውስጥ የሚያድረው የደቡብ ልጅ፣ እሱ ቲሸርት አይታተምለትም።

መሪ_የነበረች

@ተጠራጣሪው ግማሹ እውነት ነው። ሽርሽር የሆኑ አሉ፣ አልክድም። ግን «ገንዘቡን ላኩና ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው አያስኬድም። ሰው ላላየው ነገር ለረጅም ጊዜ አይሰጥም። በወር በወር ወንጌላዊ የሚደግፉ የማውቃቸው ልጆች አንድ ጊዜ ሄደው ከወንጌላዊው ቤት በልተው የመጡ ናቸው። የቡና ገለፈቱን ፍል በቅል ጠጥተው፣ ሚስቱ ውሃ ከየት እንደምታመጣ አይተው። ብሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን አትርሳ። መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ያለው ይሄንኑ አይደል? ለልማቱ ብቻ ገንዘብ እየሰጣችሁ ወንጌሉን አትነጥሉብን፣ ሰውን አትከፋፍሉት ነው ያሉት። እኛ ደግሞ በግልባጩ ስብከቱን ወስደን ጉድጓዱን፣ ትምህርት ቤቱን «የድርጅቶች ሥራ ነው» ብለን እንተወዋለን።

ተጠራጣሪው

@መሪ_የነበረች እሺ፣ በወር በወር የሚሰጡ ካሉ ዝም እላለሁ። ስንቶቹ ናቸው ግን?

መሪ_የነበረች

ጥቂት። እሱም ነው ስልጠናው መቀጠል ያለበት። ተመልሰው ሲመጡ አንድ የምስጋና እሁድ ተደርጎ፣ ቁጥሩ በእልልታ ተነግሮ፣ በቃ ነው የሚባለው። እኔ ከምስጋናው እሁድ በፊት ልጆቹን ብቻቸውን እሰበስባለሁ። «ያልገባችሁን ንገሩኝ» እላለሁ። ያለቀሰ፣ የተናደደ፣ «ምንም አልተሰማኝም» ያለ፣ ሁሉም ይናገራል። ካልሆነ መድረክ ላይ ወጥተው የሌላ ሰው ምስክርነት ነው የሚናገሩት።

ተክልዬ_ሰፈር

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጓደኛዬ ልኮልኝ ነው ያነበብኩት። ላስቸግራችሁ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ። ነሐሴ መጀመሪያ ካላችሁ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው። በጂንካም በቀይ አፈርም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰው ሱባኤ ይገባል፣ ከሰዓት ቅዳሴ አለ። ሞንታርቦአችሁን እዚያ አጥር ሥር አትትከሉ። ፍየል አርዳችሁ ጥብሱን ደጅ ላይ አታጭሱ። እኛ ሰፈር ተደርጎ ነገር ሊነሳ ነበር፣ ሽማግሌ ነው ያበረደው።

የጂንካ_ሰው

@ተክልዬ_ሰፈር ልጄ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ በጊዜው ነው የተናገርከው። እኛ እዚህ አብረን ነው የምንቀብረው፣ ዕድራችን አንድ ነው። የመጣው ቡድን ሄዶ እኔ ነኝ ለቀብር አብሬያቸው የምቀመጠው።

የገበያ ቀኑንም ልንገራችሁ። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ። ሰው ሌሊት ተነስቶ በእግሩ መጥቶ ፍየሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውን ይሸጣል። ገበያ መሃል አትስበኩ። ገብታችሁ ግዙ፣ ተቀመጡ፣ ተያዩ። ሊሸጥ የመጣ ሰው ልቡ ፍየሉ ላይ ነው።

ቨርጂኒያ_ያለሁት

ሰላም ከቨርጂኒያ። እዚህ የተወለዱ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች እንዲህ ካለ ቡድን ጋር መቀላቀል ይፈልጋሉ። አማርኛ ይሰማሉ፣ መናገሩ ላይ ይቸገራሉ። ሸክም ይሆኑባችኋል ወይስ ይጠቅማሉ? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

መሪ_የነበረች

@ቨርጂኒያ_ያለሁት እውነቱን ካልሽኝ፣ መጀመሪያ አያታቸው ጋ ይክረሙ። ገጠር ያለች አክስት ካለች እዚያ ይሂዱ። ያለ ስልክ አንድ ወር ሽሮ ከበሉ በኋላ ቡድን ውስጥ ይግቡ። ፈረንጅ መስለው ከገቡ ሰው ሁሉ እነሱን ይከባል፣ ወንጌላዊው ሳይቀር፣ የተቀሩት ልጆች የእነሱ አጃቢ ይሆናሉ። ያየሁት ነው።

ቨርጂኒያ_ያለሁት

ሳቄ መጣ። አያትየው ደሴ ናቸው፣ ደስታቸውን አልችለውም። አመሰግናለሁ እህቴ።

የኮልፌው

ሰላም ለሁላችሁ። ወንጌላዊውን አገኘሁት። ጋሼ እንዳሉኝ «ባለፈው ምኑ ደከመህ?» አልኩት። መጀመሪያ «ኧረ ምንም» አለ። ቆይቶ «ሃያ ሰው ማብላት» አለ። ሚስቱ ለቡድኑ ስታበስል የራሳቸው ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ውሃ ሲቀዱ ነበር። ቡድኖቹ ስንቅ ይዘው አይመጡም ወይ ስለው፣ ይዘው ይመጣሉ፣ ግን እንግዳ ቤቴ መጥቶ የራሱን ስንቅ እንዴት ይበላል አለኝ።

ከዚያ የሚፈልገውን ነገረኝ። አምስት ሰው። ሃያ አይደለም። ለአስር ቀን ሳይሆን ለሁለት ወር። አንዱ ፀሐይ ኃይል የሚጠግን ቢሆን ደስ ይለዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ያለው ፓነል ቆሟል። ሁለቱ ደግሞ የአገሩን ወጣቶች ልጆችን ማስተማር የሚያለማምዱ። «የኛዎቹ ሲያስተምሩ የናንተዎቹ አጠገባቸው ይቀመጡ፣ የናንተዎቹ አያስተምሩ» አለኝ። ይሄን ሁለት ጊዜ ደገመው። ሞንታርቦ አልፈልግም አለ።

ለሽማግሌዎች ነገርኩ። ሁለቱ ወዲያው ተቀበሉ፣ አንዱ «ታዲያ ቲሸርቱስ?» አሉ። 😅 ልጆቹ ጋ ግን ከባድ ነው። ሃያው ሁሉ ጾመዋል፣ ከቤተሰብ ብር ለምነዋል። አምስት መርጬ አስራ አምስቱን ምን ልበላቸው? ደግሞ ሁለት ወር የሚችለው ስንቱ ነው?

ነርሷ

አምስት ሰው ለሁለት ወር ከሆነ የወባው ነገር ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድኃኒቱን ለሁለት ወር ስለመውሰድ ከሐኪም ጋር በደንብ ተነጋገሩ። አጎበሩም የሚታጠፍ ሳይሆን የሚሰቀል ይሁን።

ተጠራጣሪው

አስራ አምስቱን ለእኔ ስጠኝ። የምሬን ነው። መርካቶ አካባቢ ከጋሞ፣ ከወላይታ፣ ከኦሞ የመጡ ልጆች ጭነት ሲያወርዱ ውለው ማታ ፊደል የሚማሩበት ክፍል አለን፣ አስተማሪ የለንም። ከሳውዲ ተመላሽ ለሆኑ እህቶችም ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራም አለ፣ እዚያ የሚፈለገው መስማት የሚችል ሰው ነው። ክረምቱን በሙሉ። ታክሲ ብቻ ነው ወጪው። ቲሸርቱንም ይልበሱት፣ ግድ የለም።

የጂንካ_ሰው

@ተጠራጣሪው አየህ፣ ከእነዚያ ልጆች ግማሹ የኛ ልጆች ናቸው። እዚያ አማርኛ ያነበበ ልጅ በበዓል ሲመጣ ለእናቱ ያነብላታል።

@የኮልፌው ልጄ፣ ምርጫውን አንተ ብቻህን አታድርገው። ሃያውንም ሰብስብና ወንጌላዊው ያለህን እንዳለ ንገራቸው፣ አንዲት ቃል ሳታሳምር። «ሁለት ወር፣ መድረክ የለም፣ ተቀምጦ ማየት ነው» በላቸው። ስንት እጅ እንደሚነሳ ታያለህ።

የኮልፌው

ጋሼ፣ እሁድ ነገርኳቸው። ሰባት እጅ ተነሳ። ከሰባቱ ሁለቱ ትምህርት አለባቸው፣ ስለዚህ ቀርተዋል። አምስቱ ተገኙ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነው፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቷ አስተማሪም አብራቸው ልትሄድ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃለች። አንድ ልጅ ግን በጣም ከፍቶታል። ድራማው ላይ ዋናው ተዋናይ እሱ ነበር። ቤቱ ሄጄ ላየው ነው።

@ተጠራጣሪው ወንድሜ፣ ለማታው ክፍል ዘጠኝ ልጆች ስማቸውን ሰጥተዋል። የት እና ስንት ሰዓት እንደሆነ በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ተጠራጣሪው

ልኬያለሁ። ጠመኔ ይዘው ይምጡ፣ የኛ አልቋል።